የተገለበጠው መስገጃ

«በወንበር ነው የምትሰግደው፤ እንደ ዳኛ ተቀምጣ» አሉ እማማ ሉባባ፣ ደሴ ላለችው ልጃቸው በስልክ። ምራታቸው መስዑዳ የታጠበ ልብስ በቅርጫት ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። በሰው አገር፣ ሌክ ሃይላንድስ በሚባለው ሰፈር ያለው የአፓርትመንታቸው ግድግዳ እንኳን የእማማ ሉባባን ድምፅ ሹክሹክታም አያስቀር፤ እሳቸው ደግሞ አገር በራቀ ቁጥር መጮህ ያስፈልጋል ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። «ኧረ ምንም አልሆነችም። ሐኪሙ በራጅ አይቶ ምንም የለባትም ብሏል፤ ፈክሩ ራሱ ነው የነገረኝ። እኔ አሮጊቷ በሰባ ዓመቴ ግንባሬን ምድር አስነካለሁ፤ እሷ በአርባዋ ጎንበስ ማለት ከበዳት። ምቾት ነው ልጄ፤ ምቾት አጥንት ይበላል።» ከዚያ የስልክ ካርዱ ደቂቃ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ። እማማ ሉባባ «ሃሎ፣ ሃሎ» ብለው ብለው ሲታክታቸው ተዉት።

ምቾት አሉ። እንግዲህ ፍረዱ። መስዑዳ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ የኖረች ሴት ናት፤ ሌላው ተኝቶ የተነሣበትን፣ የበላበትን፣ የደፋበትን ክፍል በየቀኑ ሰው ያልገባበት እያስመሰለች። ሰኔ ላይ አንዱን ትልቅ ፍራሽ በአንድ እጇ ደግፋ የአንሶላውን ጫፍ ስትወትፍ ወገቧ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጎንበስ ባለች ቁጥር ከታፋዋ እስከ ባቷ ድረስ እሳት ይወርዳል። ራጅ ተነሣች፤ ራጁ «ክሊር» ነው ተባለ። ኢንሹራንሱ የፈቀደላት ፊዚካል ቴራፒ አለቀ። ሆቴሉ ላይት ዱቲ ብሎ ቀለል ያለ ሥራ ሰጥቷት ላውንድሪ ክፍል ውስጥ ፎጣ ስታጥፍ ከረመች፤ ባለፈው ሳምንት ግን ሱፐርቫይዘሯ ጠርታ፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ወደ ክፍሎቹ ካልተመለስሽ ቦታሽን ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው አለቻት። በፈገግታ ነው ያለቻት፤ ያውም ትከሻዋን እያሻሸች።

ባሏ ፈክረዲን ክፉ ሰው አይደለም። ታክሲ ነው የሚነዳው፤ ሌሊቱን ሙሉ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት። በሰመሩ፣ በሙቀቱ ወራት፣ ቤንዚን ጋሎኑ አራት ዶላር ገብቶ ያገኘውን ሁሉ በላበት፤ አሁን ቤንዚኑ ሲረክስ ደግሞ ኢኮኖሚው ተበላሸ ተባለና ተሳፋሪው ጠፋ። የሚስቱ ደሞዝ ከቀረ ምን እንደሚመጣ ሁለቱም ያውቁታል፤ አይነጋገሩበትም እንጂ። «ራጁ ክሊር ነው እኮ መስዑድ፤ ሶ ትንሽ ራስሽን ማበርታት ነው» ይላታል ጫማውን እያወለቀ። ክፋት የለበትም፤ ግን አብራው ዕድሜዋን ከገፋችው ሴት ይልቅ ያቺን ጥቁር የራጅ ፕላስቲክ አመነ፤ መስዑዳን የሚያንገበግባት እሱ ነው። አንዳንዴ ምነው በተሰበርኩ ትላለች። የተሰበረ ሰው ይታመናል። ጄሶ ያሰረ ሰው መንገድ ይለቀቅለታል፤ ወንበር ይሳብለታል። ውስጡ የሚቃጠል ሰው ግን በየቀኑ ምስክር አምጣ ይባላል።

እማማ ሉባባ የመጡት ከኢድ በኋላ ነው። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግረዋት አያውቁም። ቢናገሩ ይሻል ነበር። የሰላት ሰዓት ሲደርስ መስዑዳ የወጥ ቤቱን ወንበር እየጎተተች ታመጣለች፤ እሳቸው ወንበሩን ያዩና ከዚያ ግድግዳውን ያያሉ። በቃ ይኸው ነው። ከዚያ ወደ ቂብላ ዞረው፣ ወርደው፣ ተነሥተው፣ ወርደው፣ ጉልበታቸው ሳይንቋቋ ሰግደው ይጨርሳሉ። ነገር በዓይን ይገባል ይባል የለ፤ መስዑዳም ሆድ ይፍጀው ብላ ታልፈዋለች። ዛሬም ያንን ስልክ ከሰማች በኋላ ቅርጫቱን ሳሎን አምጥታ ልብሱን ማጠፍ ጀመረች። እማማ ሉባባ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡና አብረው ማጠፍ ያዙ። የፈክረዲንን ካልሲዎች አንድ በአንድ አጣመሩ፤ አንደኛው ጥንዱ ጠፋ፤ ፈለጉት፤ አላገኙትም።

አሁን ስለ መጽሐፉ። ያቺ ቴራፒስት በመጨረሻው ቀን «ቤትሽ ውስጥ ዮጋ ትራይ አድርጊ» ብላት ነበር። መስዑዳ የዮጋ ክላስ ብትጠይቅ የአንድ ሰዓቱ ክፍያ እሷ ግማሽ ቀን አልጋ አንጥፋ ከምታገኘው ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ነውና አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥበት ሱቅ ገብታ በሦስት ዶላር ለጀማሪዎች የሚል የዮጋ መጽሐፍ ገዛች። ሽፋኑ ላይ ያለችው ቀጭን ልጅ እግሯ ላይ የተቀባ የሚመስል ሱሪ ለብሳ፣ አንድ እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ፣ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ ትስቃለች። ይህን ይዞ እንዴት እማማ ሉባባ ያሉበት ቤት ይገባል? ከኢድ በተረፈ አረንጓዴ የስጦታ ወረቀት ጥንቅቅ አድርጋ ሸፈነችውና ብርድ ልብስ ከሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቀችው። ደብቃውም ቀረች። ቤቱ ሁለት መኝታ ቤት ነው፤ በአንዱ ፈክረዲን ቀኑን ይተኛል፤ በሌላው እማማ ሉባባና ልጇ ሁስና አሉ፤ ሳሎኑ የሁሉም ነው። በዚህ አገር ሰው ብቻውን ነው የሚኖረው የሚሉ ሰዎች የመስዑዳን ቤት አላዩትም።

ዛሬ ግን ዓርብ ነው። ፈክረዲን እናቱን ይዞ ጁምዓ ይሄዳል፤ ከመስጊድ ሥጋ ቤት ይገባሉ፤ ከዚያ ሁስናን ከትምህርት ቤት ይዘው ነው የሚመለሱት። እማማ ሉባባ በሩ ላይ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ዞር አሉ።

«አንቺ አትመጪም?»

«ወገቤን እማማ። ስትመለሱ ሻይ አፍልቼ እጠብቃችኋለሁ።»

«እሺ» አሉ። እሳቸው ከደረጃው ወርደው መኪናው ከሄደ በኋላም ያ እሺታ ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቀረ። ጁምዓ ደግሞ በሴት ላይ ግዴታ አይደለም፤ ይህን እማማ ሉባባም ያውቁታል፤ ቢያውቁትም እሺታቸው ያው እሺታ ነው።

መስዑዳ መጀመሪያ የቀትሩን ሰላት፣ ዙሁርን፣ በወንበሯ ሰገደች። ከዚያ ጠረጴዛውን ወደ ቴሌቪዥኑ ገፋ አድርጋ መጽሐፉን አወጣች። ክፍት የሆነው ወለል ያው የሚሰግዱባት ቦታ ናት፤ ሌላ የለም። የበረንዳው መስታወት በር ወደ ፓርኪንጉ ነው የሚያየው፤ የፕላስቲክ መጋረጃው ደግሞ ግማሹ ተሰብሮ አይዘጋም፤ ስለዚህ የሰላት ቀሚሷንና ሒጃቧን አላወለቀችም። ምንጣፉ ያረጀና የሚቧጥጥ ሆኖ መዳፏን ላጠው። ለዮጋ ተብሎ የሚሸጠው ላስቲክ ምንጣፍ ሃያ ዶላር ነው፤ አልገዛችውም። የራሷን አሮጌ መስገጃ አነሣችና እጇ ላይ እንደያዘችው ቆመች። በዚህ ላይ ስፖርት? ቀልቧ አልፈቀደም። ጉልበቷ ደግሞ ያለሱ እሺ አላለም። በመጨረሻ ፊቱን ወደ ታች ገልብጣ አነጠፈችው፤ ከተገለበጠ መስገጃነቱ ለጊዜው ይቀራል ብላ። ፈትዋ የሰጣት የለም፤ ራሷ ጠያቂ፣ ራሷ መላሽ ሆነች።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ አእምሮሽን ባዶ አድርጊ ይላል። እስቲ ሰኞ የሚጠብቀው ሰው አእምሮውን የት ወስዶ ይደፋዋል? ሁለተኛው ገጽ ተንፍሺ ይላል። አየር ስታስገቢ ሆድሽን ንፊ፣ ስታስወጪ ሰብስቢ። መስዑዳ አገላብጣ ሠርታው ራሷ ዞረና ሶፋውን ያዘች። አርባ ዓመት ሙሉ በትክክል ስትተነፍስ የኖረች ሴት መጽሐፍ ገዝታ መተንፈስ ጠፋባት። መጽሐፉ ደግሞ ተከፍቶ አይቀመጥም፤ ገና እጇን ስታነሣ ጥርቅም ይላል። የቲማቲም ጣሳ ከወጥ ቤት አምጥታ ጫነችበት፤ ጣሳው ሥዕሉን ሸፈነ። ጣሳውን ገፋ ስታደርገው ተከደነ። የማንበቢያ መነጽሯ ጎንበስ ስትል ከአፍንጫዋ ይወድቃል፤ ቀና ስትል ፊደሉ ይርቃል። ሥዕሉ ላይ ያለችው ልጅ የዘረጋችው ቀኝ እጇን ይሁን ግራ እጇን ለማወቅ መስዑዳ ራሷ ሁለት ጊዜ ዞረች። ጽሑፉን ለማየት አንገቷን ስታዞር ጽሑፉ አንገትሽን እንዳታዞሪ ይላል። መካከል ላይ ስልክ ጮኸ፤ እንደምንም ተነሥታ ብታነሣው የመኪና ኢንሹራንስ ቀይሪ የሚል የተቀዳ ድምፅ ነው። ዘጋችበት።

ከዚያ እንስሳቱ መጡ። ዮጋ የሚሉት ነገር ለካ አንዴ ድመት፣ አንዴ ላም መሆን ነው። ድመት ግድ የለም፤ ድመት ንጹሕ እንስሳ ናት፤ ቤት ውስጥም ትገባለች። ወገቧን ወደ ላይ አጎበጠች፤ አመማት፤ ግን ቻለችው። ላምም ሐላል ናት። ላም ስትሆን አመማት፤ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ ልጅቷ በእጅና በእግሯ ቆማ መቀመጫዋን ወደ ጣሪያ ሰቅላለች፤ ከላዩ ቁልቁል የሚያይ ውሻ ተብሎ ተጽፏል። መስዑዳ መነጽሯን አስተካክላ ደግማ አነበበችው። ውሻ። ተገልብጦም ቢሆን መስገጃ ላይ ውሻ? አስተግፊሩላህ ብላ ገጹን ዘለለችው። የዘለለችው ገጽ ግርጌ ላይ በትንንሽ ፊደል፣ ይህ ወገብን ያፍታታል፤ ሳይሠሩት ወደሚቀጥለው አይለፉ ይላል። ያንን አላነበበችውም። ማን ውሻ ሥር የተጻፈ ያነባል?

ከዚያ በኋላ የሞከረችው ሁሉ እምቢ አላት። ጋደም ብላ ጉልበቷን ወደ ደረቷ ስባ፣ ግማሽ መንገድ ላይ እሳቱ ባቷ ድረስ ወረደ። ተቀምጣ ወደ ጎን ዞር ስትል ትንፋሿ ተያዘ። ልጅቷ በየገጹ ትስቃለች። «ምን ያስቅሻል?» አለቻት መስዑዳ። የምታለቅስም የምትሳደብም መሰላት፤ ሁለቱም አልወጣላትም። ሦስት ዶላሯም፣ ይህች ብቸኛ ዓርቧም እንደዚህ በከንቱ ሊያልቁ ነው። መጽሐፉን ልትወረውረው ስታነሣው ሌላ ገጽ ተገለጠ። የሕፃን አቀማመጥ ይላል። ልጅቷ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ መቀመጫዋን ተረከዟ ላይ አሳርፋ፣ ግንባሯን ምድር አስነክታ ተኝታለች። ከሥሩ ምን ተጽፏል? ቀላል ነው፤ ለማረፍ ነው፤ ማንም ሰው ይችለዋል።

ማንም ሰው የምትለዋ ቃል መስዑዳን አንገበገበቻት። ማንም ሰው ይችለዋል፤ እማማ ሉባባ በሰባ ዓመታቸው ይችሉታል፤ ሁስና እየዘለለች ትችለዋለች፤ እሷ ብቻ ናት ማንም ሰው ያልሆነችው። በንዴት ተንበረከከች። በንዴት ወረደች። ወገቧ ተው ሲላት አልሰማችውም፤ እሳቱ ሲወርድ ወረደች፤ ግንባሯ የመስገጃውን ሻካራ ጀርባ ነካ። ከሰኔ ወዲህ ግንባሯ መሬት ሲነካ የመጀመሪያው ነው። እንዴት እንደናፈቃት እስከዚያች ደቂቃ ራሷም አታውቅም ነበር። ምላሷ ሳታዘው በራሱ ሱጁድ ላይ የሚባለውን ሱብሐነ ረቢየል አዕላ አለ፤ እንባዋም ወደ ግንባሯ ፈሰሰ። ቻልኩት አለች በልቧ።

ከዚያ ልትነሣ ስትል ወገቧ ተቆለፈ። እጇን ደግፋ ገፋች፤ ታፋዋ ላይ ቢላዋ የገባ መሰላት። ወደ ጎን ልትንከባለል ሞከረች፤ እሱ ባሰ። መጽሐፉ በክንዷ ተገፍቶ ራስጌዋ አጠገብ ተከደነ፤ መነጽሯ የት እንደገባ አላየችም። ስልኩ እንደገና ጮኾ ጮኾ ተወ። እግሯ ደነዘዘ። ከታች መኪና ሲቆም፣ በር ሲዘጋ፣ ሰው ስፓኒሽ እያወራ ሲያልፍ ትሰማለች። ሻዩ አልተጣደም። በዚህ አገር ልማድ ሰዓቱ በአንድ ወደ ኋላ ከተመለሰ ወዲህ የዐስር ሰላት ቶሎ ነው የሚደርሰው፤ የመስታወቱ ብርሃን እየቀላ ሶፋው እግር ላይ ወጣ። እሷ እዚያው ናት፤ ማንም ሰው የሚችለው ነገር ላይ።

በመጨረሻ ቁልፍ በሩ ውስጥ ሲዞር ሰማች። ደረሱልኝ ብላ አፏን ስትከፍት የእማማ ሉባባ ድምፅ ቀደማት።

«ሽሽሽ። ቁሙ። ሱጁድ ላይ ናት።»

ሁሉም በሩ ላይ ቀጥ አሉ፤ የፌስታሎቹ መንኮሻኮሽ ሳይቀር። ከዚያ እማማ ሉባባ ሹክ አሉ፤ የእሳቸው ሹክሹክታ ደግሞ ጎረቤት ያዳምጠዋል። «አልሐምዱሊላህ። አየህ ፈክሩ? በግንባሯ እኮ ነው። ዛሬ ጁምዓ ላይ ለማን ያለቀስኩ መሰለህ? አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ሶፍት እስክትሰጠኝ ድረስ ነው ያለቀስኩት። ያ ረቢ፣ ያቺን ልጅ ከዚያ ወንበር አንሣልኝ ነው ያልኩት። ቤት ሳንደርስ ሰማኝ።»

መስዑዳ የከፈተችውን አፍ ዘጋችው። ጠዋት ምቾት ነው ያለ አፍ ቀን ላይ ለእሷ ያለቅሳል? ንዴቷን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። ቀኑን ሙሉ ታቅፋው የዋለች ንዴት ነበር፤ አሁን የንዴቱ ባለቤት ሹክ እያለ፣ እያመሰገነ፣ አፍንጫውን እየሳበ ጀርባዋ ላይ ቆሟል። ከሩብ ሰዓት በፊት ማንም ይምጣልኝ ስትል የነበረች ሴት፣ ሰው ከመጣ በኋላ መናገር ከመነሣት በልጦ ከበዳት። ብትናገር የአሮጊቷን ዱዓ መልሳ ከእጃቸው መንጠቋ ነው።

«ስለዚህ ሰኞ ትገባለች» አለ ፈክረዲን በሹክሹክታ። ትንፋሹ ከሩቅ ይሰማል፤ ለወራት አምቆ ይዞት የነበረ ትንፋሽ ነው የሚመስለው። መስዑዳ ያንን ትንፋሽ ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። ዝም ካለች ሰኞ ከፍራሽ ሥር ናት። በስንት ወር አንድ ቀን ሕመሟ ለሁሉም ፊት ለፊት ወጥቶ ታየ፤ እነሱ ደግሞ እሱን አይተው ዳነች አሉ።

ሰዎቹ አይንቀሳቀሱም። ወጥ ቤቱ ከፊቷ ነው፤ በሰጋጅ ፊት ደግሞ አይታለፍም፤ ሥጋው በፌስታል ውስጥ ኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«እማማ» አለች ሁስና፣ «ማም ቱ ሎንግ አልቆየችም?»

«ዱዓ እያደረገች ነው። ሱጁድ ላይ የተለመነ አይመለስም፤ ተያት ትለምን።»

«በት መስገጃው አፕሳይድ ዳውን ነው።»

እማማ ሉባባ አንገታቸውን አስግገው መስገጃውን አዩት፤ እውነትም ተገልብጧል። «ከደስታዋ ብዛት አላየችውም» አሉ እማማ ሉባባ። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር አዩ፤ በአረንጓዴ ወረቀት የተሸፈነው መጽሐፍ ከመስዑዳ ራስ አጠገብ መሬት ላይ ተጥሏል። «ወይኔ፣ ቁርአኑን መሬት?» ብለው በጣታቸው ጫፍ እየረገጡ በጎን ዞሩ። መስዑዳ በብብቷ ሥር ካልሲያቸውን ብቻ ታያለች። ጎንበስ ብለው ከአጠገቧ አነሡት፤ ሳሙት፤ ግንባራቸውን አስነኩት፤ ከዚያ ከፍ ያለ ቦታ ሊያስቀምጡት ሲሉ መጽሐፉ እጃቸው ላይ ተከፈተ። ካልሲዎቹ ቀጥ አሉ። አንድ ገጽ ተገለጠ። ሌላ ገጽ ተገለጠ። እማማ ሉባባ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ እግሯን ሰማይ የሰቀለች ሴት ለማየት ግን ቋንቋ አያስፈልግም።

«እማማ» አለች መስዑዳ ወደ ምንጣፉ፤ «እየሰገድኩ አይደለም። ተቆልፌ ነው። መነሣት አልችልም።»

ፈክረዲን በሦስት እርምጃ መጥቶ መጽሐፉን ተቀበላቸው። «ዮጋ?» አለ። «ማለቴ፣ ጁምዓ ቀርተሽ ዮጋ? ይኼን ከቻልሽ እኮ…» ብሎ ተወው። ያልጨረሰውን ግን ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ሰማው።

«ጨርሰው» አለች መስዑዳ። ድምፅዋ ምንጣፉ ውስጥ ታፍኖ ነው የሚወጣው። «ይኼን ከቻልሽ ፍራሽ ታነሺያለሽ በል እንጂ። አልቻልኩም ነው የምልህ ፈክረዲን። ከሰኔ ጀምሮ ነው የምነግርህ። ትናንትም ነገርኩህ፤ ካልሲህን እያወለቅህ ነበር። እንዴት አድርጌ ልንገርህ? ደም ልትፋልህ? ወንበር ላይ የምቀመጠው ወንበር ስለምወድ ነው? ክሊር ነው ትለኛለህ። ክሊር የሆነው ራጁ ነው፤ እኔ አይደለሁም።»

ፈክረዲን ግራ ሲገባው ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ ጎንበስ ብሎ በብብቷ ገብቶ ወደ ላይ ሳባት። መስዑዳ ጮኸች። እሷም ሳትቀር የማታውቀው ጩኸት ነበር፤ ሁስና ጆሮዋን ያዘች። ፈክረዲን የጋለ ብረት እንደነካ ሰው እጁን ለቀቀና ወደ ኋላ ሸሸ። ፊቱ አመድ ሆነ። «ራጁ እኮ…» አለ።

«አንተ ራጅህን ይዘህ ወዲያ በል» አሉ እማማ ሉባባ።

መስዑዳ ጠበቀች። መጽሐፉን ሊያነሡባት፣ ለምን ዋሸሽኝ ሊሉ፣ ስለ መስገጃው ሊጠይቋት፣ ወይም ያንን እሺታቸውን ሊሉ። መልስ እያዘጋጀችም ነበር፤ ያ የጠዋቱ ስልክ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። የሰማችው ግን ጉልበት ምንጣፍ ሲነካ ነው። ከዚያ መዳፋቸው ወረደ። ከዚያ አሮጊቷ ከአጠገቧ ተንጋደው፣ ሻሻቸው እየተንሸራተተ፣ ጉንጫቸውን ከመሬት አስነክተው ፊታቸውን ከፊቷ ትይዩ አደረጉት። እንዲህ ተቀራርበው ተያይተው አያውቁም። የአሮጊቷ ዓይን ቀልቷል፤ የመስጊዱ ልቅሶ ገና አልደረቀም። ምራታቸውን ትንሽ አዩዋትና ዓይናቸውን ሰበሩ፤ እንደገና አዩዋት።

«የቱ ጋ ነው?» አሉ።

በዚህ ቤት ውስጥ ስለ ሰኞ ተጠይቃለች፤ ስለ ራጁ ተጠይቃለች፤ ክኒኑን ወስደሻል ወይ ተብላለች። ይህንን የጠየቃት ሰው አልነበረም። መስዑዳ ልትመልስ ስትል ልቅሶ ቀደማት፤ እንደዚያ አጎንብሳ በቀረችበት ልቅሶው ራሱ ወገቧን ያማታል፤ ቢሆንም አለቀሰች። እጇ ከጭንቅላቷ ፊት ተዘርግቶ ደንዝዞ ስለነበር መጠቆም አልቻለችም። እማማ ሉባባ እንደተኙ እጃቸውን ዘርግተው ጀርባዋ ላይ አሳረፉት፤ ከማጅራቷ ሥር ጀምረው በቀሚሷ ላይ ቀስ እያሉ ወረዱ።

«እዚህ?»

«ወደ ታች።»

«እዚህ?»

«ትንሽ ወደ ግራ። ዝቅ… እሱ ጋ። እሱ ጋ ነው እማማ።»

እጃቸው ቆመ። ጣታቸው ከቀሚሱ ሥር እንደ ድንጋይ የጠጠረውን፣ ትር ትር የሚለውን ሥጋ ዳሰሰ። ፈክረዲን ከኋላ ቆሞ ያያል፤ ሁስና ቦርሳዋን አላወረደችም።

«አገኘሁት» አሉ እማማ ሉባባ፤ እጃቸውንም ከዚያ አላነሡም።